ስለ ባለ ጃንጥላዋ ሴት ሥዕልና ስለ አውሮራው ቤቴ

በፈጠረኝና በሚወስደኝ በአንዱ አምላክ ስም።

እኔ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ተክለሚካኤል፣ ዛሬ ቅዳሜ ጥቅምት ፲፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ አውሮራ ኮሎራዶ፣ ከቤቴ ሳሎን ተቀምጬ፣ ኩላሊቴ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይደክም፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን ኑዛዜ ተናግሬያለሁ። ሊያባብለኝ የሞከረ ሰው አልጠፋም፤ እኔ አልተባበልሁም እንጂ። ጸሐፊዬ ዲያቆን ፍቅረሥላሴ ነው። ያልሁትን ብቻ ይጽፋል፤ አያሳምርልኝም፣ አይሰርዝም። ሲጨርስ ጮክ ብሎ ያነብልኛል፤ የዘለለው ነገር ካለ ከድምፁ አውቀዋለሁ።

ምስክሮቼ አቶ አለምሰገድና ወይዘሮ ኮከብ ናቸው። የመረጥኋቸው እርስ በርሳቸው ስለማይዋደዱ ነው፤ ተመካክረው አይዋሹብኝም።

አንደኛ። ቀብሬ እዚሁ ይሁን። አስከሬኗን አገር ቤት እንልካለን ተብሎ መዋጮ እንዳይሰበሰብብኝ። በሬሳ ስም የሚሰበስብ ሰው አላምንም።

ሁለተኛ። በእንጨት ተቀርጸው ከሚታተሙት ከጥንት የጃፓን ሥዕሎች በእጄ የቀዳኋቸው አሉ፤ ማዕበሉ፣ ተራራው፣ በዝናብ ድልድይ የሚሻገሩት ሰዎች። አንድ ሬስቶራንትም ለግድግዳው እያዘዘ ይገዛኛል፤ ማንም እንዳይታለል ከጀርባቸው «ቅጂ ነው» ብዬ ከስሜ ጋር ጽፌባቸዋለሁ። የወደድኋቸው ዴንቨር ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ፣ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅለው አይቼ ነው። ካፒቶል ሂል በተከራየሁት ክፍል ወለሉ ላይ ተንበርክኬ እሥላቸው ነበር፤ ልጄ እድላዊት አጠገቤ ቁጭ ብላ ቀለም ትበጠብጥልኝ ነበር። ከጃፓኖቹ በአንድ ነገር ብቻ እለያለሁ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር፤ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው ደግሞ በጎን ዞሮ በአንድ ዓይን እንደሚሣል አስተምሮኛል። ስለዚህ ጃፓኖቹ በጎን ያሳዩትን ሰው ሁሉ፣ እኔ ፊቱን ትንሽ መለስ አድርጌ ሁለተኛ ዓይን እሰጠዋለሁ። ምንም ያላደረገችኝን ሴት ከይሁዳ ጋር አልመድባትም።

ሦስተኛ። ይህ ቤቴ እንግልውድ ለሚኖረው ለልጄ ለፍሬዘር ይሁን። ለእድላዊት አይሁን። አብራኝ የምትኖረው፣ ዲያሊሲስ የምታመላልሰኝ እሷ እንደሆነች አላጣሁትም፤ ምክንያቴን ልናገር። ባለፈው የበረዶ ወራት ሆስፒታል ስገባ፣ ከእነዚሁ ቅጂዎች አንዷን፣ ባለ ጃንጥላዋን ሴት፣ ፊቷን በሁለት ዓይን ሥዬ ጃንጥላዋን ጀምሬ ነበር። ስመለስ ሥዕሉ አልቆ፣ ፍሬም ገብቶለት፣ ሳሎን ተሰቅሎ ጠበቀኝ። ሴትዮዋ ግን አንድ ዓይን ነበራት! ከእኔ ሌላ የዚህ ቤት ቁልፍ ያላት እድላዊት ብቻ ናት። የእኔን ሸጣ የማንን እንደሰቀለችልኝ እሷ ትናገር። እስከ ዛሬ ዝም ያልሁት ሌላም ይጠፋ እንደሆነ ለማየት ነው።

እዚህ ላይ እድላዊት ከኩሽና ወጣች። የምትለውን እንዳለ ጻፈው ብዬዋለሁ።

«እማዬ፣ ማንም አልሸጠውም። እኔ ነኝ የሣልኩት። እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፊቷ ተበላሽቶ ነበር። ሆስፒታል እያለሽ በአዲስ ወረቀት ፊኒሽ አደረግኩት። ሬስቶራንቱ ኦርደር ያደረጋቸውንም ዲያሊሲስ ስትገቢ ፊክስ የማደርጋቸው እኔ ነኝ። አይም ሶሪ፣ እማዬ።»

«ዓይኗስ?» አልኋት።

«ኦሪጅናሉ ላይ አንድ ነዋ! የጃፓን ሥዕሎች ያሉበትን መጽሐፍሽን አይቼ ነው የሠራሁት። የአያቴን ነገር መቼ ነገርሽኝ?»

አላመንኋትም። ሰው ቀጥራ አሠርታ ይሆናል አልሁ። ብሩሽና ወረቀት አምጪ፣ ምስክሮቼ እያዩ የባለ ጃንጥላዋን ፊት ሣዪ አልኋት። አቶ አለምሰገድ በግራዋ፣ ወይዘሮ ኮከብ በቀኟ ቆሙ። እድላዊት ትንፋሿን ይዛ፣ ከግንባር እስከ አገጭ ያለውን መስመር ሳታቋርጥ አወረደችው። እጄ ደህና በነበረበት ዘመን እኔ የማወርደው መስመር ነው። አለቀስሁ፤ ይህም ይጻፍ። የሬስቶራንቱ ሰዎች «እጅዎ እኮ አልደከመም» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለካ ያመሰገኑት እሷን ኖሯል። አፈርሁ፤ ተናደድሁም። ልጄ ሌባ አለመሆኗ ግን ከሁሉ በልጦ ደስ አለኝ።

አራተኛ። በሦስተኛ የተናገርሁትን ሽሬያለሁ። ነገር ግን አይሰረዝ፤ በኋላ ሰው ፋቀው እንዳይባል። ቤቱ የእድላዊት ነው። ፍሬዘር የራሱ ቤት አለው፤ ቅር ቢለው ዛሬ ና ስንለው በሥራ አመካኝቶ መቅረቱን ያስታውስ። ሥዕሎቼ፣ ብሩሾቼና ቀለሞቼ የእሷ ናቸው። ለባለ ጃንጥላዋ ሁለተኛ ዓይን ጨምሪላት ብዬ ለመንኋት፤ «ኖ፣ እማዬ» አለችኝ። እንግዲህ ይሁን፤ ሥዕሉ የእሷ ነው። ከጀርባው ግን በእኔ ስም ፈንታ የራሷን ስም ትጻፍ። ይህን ቃሌን የሚያፈርስ ሁሉ የተገዘተ ይሁን።

ልፈርም ስል ዲያቆኑ እጅዎን ልደግፍ አለኝ፤ እምቢ አልሁ። እድላዊትም እጇን ዘረጋች፤ እሷንም ከለከልኋት። ከዚህ በታች ያለውን ማንም ሳይነካኝ እኔው ፈርሜያለሁ። የእኔ መሆኑን የሚጠራጠር ካለ መንቀጥቀጡን ይመልከት።

ተናዛዥ፦ ሮማነወርቅ ተክለሚካኤል

ፊታችን ተናዝዛ፣ ፊታችን ለመፈረሟ ምስክሮች፦ አለምሰገድ እንዳሻው፤ ኮከብ ኃይሌ

ጸሐፊ፦ ዲያቆን ፍቅረሥላሴ አስቻለው