ፍየሏ ለምን ትዞራለች

ጥቅምት 4
ዛሬም ዞረች። ከማሽን ክፍሉ ወደ ቦይለር ክፍሉ በብረት ድልድዩ መሻገር ስትችል፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ፣ በጓሮ ደረጃ ወርዳ... መንገድ ላይ ባትሪዋ አለቀ። አራት እግር ያለው ሮቦት በሰው ትከሻ! አለቃ «ቅዝምዝም ወዲያ፣ ፍየል ወዲህ» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ምላሱን ነከሰ። ፍየል ብሎ ስም ያወጣላት ወንድም ጋሼ ነው። ሰኔ ላይ ቀበርነው።

ጥቅምት 6
የመጨረሻው ሙከራ ለ15 ተቆረጠ። ፍየሏ ቦይለር ክፍሉ ካልደረሰች የሮቦት ክፍላችን ይዘጋል አሉ። ይዝጉት! ... አይ፣ ውሸቴን ነው። እሱ የጀመረውን እኔ ላፍርሰው?
ቤት ስገባ አክስቴ በወንድም ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አልጋውንም እማዬ ለጎረቤት ሰጥታዋለች። «ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል፣ ምን ላድርግ ልጄ?» አለች።

ጥቅምት 9
አገኘሁት። ምነው ባላገኘሁት።
ድልድዩ ባዶ ነው፣ ሄጄበት መጣሁ። ፍየሏ የምትመራበት ካርታ ላይ ግን መሀሉ ላይ የቆመ ነገር አለ። አጎላሁት... ትከሻ። ቀኙ ዘንበል ያለ። ወንድም ጋሼ!
ፋብሪካውን በሌዘር እየለካን ካርታውን ስንሠራ፣ ድልድዩ ላይ «ውጣልኝ፣ ካርታው ውስጥ ትገባለህ!» ብዬ ብጮህበት፣ «ኧረ ተይኝ፣ ብትወድቂ ማን ይይዝሻል?» ብሎ ቀረ። ምስሉን በኋላ እናጠፋዋለን አልን። ረሳነው።
ፍየሏ ሩቁን መንገድ ከካርታው ነው የምታወጣው። በዓይኗ የምታየው እግሯን የምታሳርፍበትን ብቻ ነው። ድልድዩን ገና ከሩቁ ተዘግቷል ብላ ስለምትተወው፣ ቀርባ ባዶነቱን አታይም።

ጥቅምት 11
ለአለቃ ነገርኩት። «እኔ ላጥፋው?» አለኝ። እምቢ አልኩ።
እሱ ያለበትን ካርታ ኮፒ አስቀምጫለሁ። ታዲያ ምን ይሠራል? አልጋው ሄደ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አለ ብላ መንገድ የምትለቅለት ፍየሏ ብቻ ናት። ብረት! በብረት መቅናት ቀረኝ? ምንም ነገር ደስ አይለኝም።

ጥቅምት 14
አጠፋሁት። እጄን ይቁረጠው።

ጥቅምት 15
ደረሰች። ድልድዩን ቀጥ ብላ፣ እሱ የቆመበትን ረግጣ... እንኳን ልትቆም፣ አልዘገየችም። አጨበጨቡ። አለቃ አቀፈኝ፤ «ቢያይሽ ይኮራብሽ ነበር» አለኝ። ክፍሉ አይዘጋም።
ፍየሏ ማዶ ቆማለች። «ሂጂና አምጫት» አሉኝ። ድልድዩ አፍ ላይ ደረስኩ... እሱ የቆመበትን መሀሉን አየሁ።
በሦስተኛ ፎቅ ዞሬ ሄድኩ።