የስልኳ እማዬ

ማክሰኞ ከሰዓት፣ በዓሉ ሳምንት ሲቀረው

ለታናሿ እህቴ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

ጤናሽን በየቀኑ በስልክ ስለምጠይቅሽ ዛሬ በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። ይህን ወረቀት ዛሬ ማታ አንቺ ወዳለሽበት አገር ለምትመለሰው ለነርሷ ደንበኛዬ እሰጣታለሁ፤ ነገ ከሰዓት እጅሽ ይገባል። ለምን አልደወልሽም እንዳትይኝ። ስልኩ ሲጮህ ልጅሽ ከየትም ብላ ጭኔ ላይ ናት፤ ይህ ደግሞ እሷ እየሰማች የሚወራ ነገር አይደለም።

«እስክመጣ ምንም እንዳትነግሪያት፣ ድንገት ልድረስባት፤ ልብሷን ግን ቀስ ብለሽ ሸክፊ፣ በበዓሉ ማግስት ይዣት እሄዳለሁ» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ፤ አፌንም ዘጋሁ። አሁን ግን ነገሩ አፈትልኳል። እንዴት እንዳፈተለከ ስሚኝና ከፈለግሽ ተቆጪ።

እሁድ ፀጉር ቤቴ ዝግ ስለሆነ ለበዓሉ ቤት የምናስጌጥበት ነገር እንሥራ ብዬ ልጅሽን፣ ድንቡሼን፣ አስቀመጥኳት። የታችኛው ፎቅ የልብስ ሰፊዋ መንታ ልጆችም ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ቤት ውስጥ የተገኘው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ወጣ፤ የእንቁላል ካርቶን፣ የክብሪት ቀፎ፣ ያለቀ ሶፍት የተጠቀለለበት ካርቶን፣ ጓደኛው የጠፋ ካልሲ፣ ፀጉር ቀለም ስቀባ የምጠቀልልበት ፎይል። ሙጫውን ከዱቄት አበሰልኩ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ፤ እነዚህ ያቦኩት ለሦስት ቤት ግድግዳ ይተርፍ ነበር። ግማሹ ግን ፀጉራቸው ላይ አለቀ፤ አጣቢዋም እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ከአሮጌ መጽሔት የወረቀት ሰንሰለት ሠራን። አንዱን ቀለበት ስናጣብቅ ሌላው ይላቀቃል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ነበር፤ ይሄው ወረቀቱ ለቀቀ» ስላቸው እስኪያንቃቸው ሳቁ።

ከዚያ መስኮት ላይ የሚቆም ቤተሰብ እንሥራ ተባለ። መንታዎቹ አባታቸውን ከካልሲ ሠርተው ከፀጉር ቤቴ ጥራጊ ጢም ለጠፉለት፤ ቁርጥ እሱን ሆነ። ድንቡሼ ደግሞ የሶፍቱን ካርቶን ወሰደችና አናቱ ላይ የፀጉር መጠቅለያ ሰካችበት። «ይቺ ማናት?» አልኳት። «እማዬ ናታ!» አለች፤ እኔን ማለቷ ነው። አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ እንዲህ ነው የምትጠራኝ፤ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ስንቴ አርሜያት ስንቴ ተውኩት። ቀጥላ የክብሪት ቀፎ በፎይል ጠቀለለች። ሁለት ዓይንና አንድ አፍ ሳለችበት። በቃ፤ እጅ የለ፣ እግር የለ። «ይቺስ?» «የስልኳ እማዬ።»

ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ ሆዴ ባባ። ጡት ሳትጥል ነው እኮ ትተሽልኝ የሄድሽው።

ይሄኔ ወሬኛዋ መንታ ቀና አለችና «አንቺን እኮ የስልኳ እማዬ በአውሮፕላን ልትወስድሽ ነው፤ እናታችን ለአባታችን ስትነግረው ሰማን» አለቻት። ለልብስ ሰፊዋ የነገርኳት እኔው ነኝ፤ አንቺ ያለሽበት ብርድ ነው ብዬ ለልጅቷ ኮት ሳሰፋ። መቀሱ ቆመ። ድንቡሼ መንታዋን አላየቻትም፤ ያየችው እኔን ነው። «እማዬ፣ ውሸቷን ነው አይደል?»

አዎ ልል አፌ ተከፈተ። አልወጣልኝም። እውነቷን ነው ልልም አቃተኝ። «በሉ ቶሎ በሉ፣ ሙጫው ሳይደርቅ!» አልኩ። አይ እኔ! ልጅቷ መልሷን አገኘች። ቢያንስ ብታለቅስ ደግ ነበር፤ አላለቀሰችም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ማታ ስትደውዪ «ተኝታለች» አልኩሽ። አልተኛችም ነበር፤ አልጋ ሥር ገብታ እንቢ ብላኝ ነው።

ሰኞ ጠዋት ወተት ላወጣ ፍሪጁን ስከፍት ከቲማቲሙ ሳህን ጀርባ አንቺ አለሽ። በፎይልሽ በግንባርሽ ተደፍተሻል። «ምን ታደርጋለች እዚህ?» አልኳት። «በዓሉ እስኪያልፍ እዛው ትቆይ። ከወጣች ትወስደኛለች» አለችኝ ፈርጠም ብላ።

አልደብቅሽም እህቴ። ወዲያው ማውጣት ነበረብኝ። ፍሪጁን መልሼ ዘጋሁት። ወተቱን እንኳ ሳላወጣ ነው የዘጋሁት፤ ደረቅ ዳቦ በላን።

ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ ያ ፍሪጅ ከዓይኔ አልጠፋም። አንዷን ደንበኛዬን ቀለም ቀብቼ ረሳኋት፤ ቡናማ ያለችው ሴትዮ ብርቱካን ሆና ወጣች። የሰደበችኝን ስትመጪ አጫውትሻለሁ። ቤት እንደገባሁ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ አወጣሁሽ። ረጥበሽ አፍሽ ጠፍቷል። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

«ነይ፣ አፏ ጠፍቷል፣ እንሥራላት» አልኳት። «አፍ ከሠራንላት እንሂድ ትለኛለች።» «አፍ ብቻ አይደለም፣ እግርም እጅም እንሠራላታለን።» ግራ ገብቷት አየችኝ። «የስልኳ እማዬ እጅ አላት?»

ወይ ጉዴ! ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ያየችው ፊትሽን ብቻ ነው። «አላት እንጂ። ስትወለጂ መጀመሪያ ያቀፈሽ የሷ እጅ ነው፤ የኔ አይደለም» አልኳት።

ገላሽን ከእንጨት ማንኪያ፣ ቀሚስሽን ከኮቱ ቁራጭ፣ እጅሽን ከአሮጌ ጓንቴ ሠራን። እጅሽን እየቀጠለች እየቀጠለች መሬት አስነካችው። «በዛ፣ እንቁረጠው» ብላት «ተዪው፤ አንቺን ሳልለቅ እንድታቅፈኝ ነው» አለችኝ።

እንግዲህ እንዲህ ነው። ነገ ማታ ስትደውዪ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁሚውና ወደ ኋላ ራቅ በዪ። እጅሽን አሳያት፣ እግርሽን አሳያት፣ ትንሽ ተራመጂላት። ድንገት ልድረስባት የምትይውንም ተዪው፤ ዛሬ ማታ አስቀምጬ ሁሉንም እነግራታለሁ፤ ብትቆጪም ተቆጪ። በበዓሉ ማግስት ይዣት እሄዳለሁ ግን አይሆንም! አሠሪዎችሽን ለምኚ፣ ካልሆነም ተጣዪ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት አብረሽን ኑሪ። አልጋው የአንቺና የሷ ነው፣ እኔ ሶፋ ላይ እተኛለሁ። እስክትለምድሽ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። ልጄ ናት ትይኛለሽ። ናት፤ ማን አይደለችም አለሽ? ልብሷን ሸክፌያለሁ። ኮቱም አልቋል፤ ለሚቀጥለው ዓመትም እንዲሆናት ሰፋ አስደርጌዋለሁ።

ደግሞ ከትናንት ጀምሮ «አክስቴ» እንድትለኝ እያለማመድኳት ነው፤ በር ላይ ስትደርሺ «እማዬ» ብላ በአንቺ ስም ስትጠራኝ ሰምተሽ እንዳይከፋሽ ብዬ። ትናንት እየሳቀች እንቢ አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች ከጀርባዬ «አክስቴ» አለች፣ ጥርት አድርጋ። ማን መጣ ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ።

መንገድሽን ያቅናልሽ። እጅሽ ልጅሽን አቅፎ አይጥገብ።

ወረቀቱስ ለቀቀ፤
ሞኟ እህትሽ