የሰማዩን ጎርፍ ከመነሻው

ሰኞ
«እሺ፣ ዶክተር» አለችው። በጆሮዬ ሰማሁ። ልጄ ሰናይት፣ ሁለት ዲግሪ ያላት፣ በስልክ ለአለቃዋ እሺ አለች!
ወባ ስትጥለኝ ልታስታምመኝ ከአዲስ አበባ መጣች፤ ሥራዋንም ይዛ። ሳተላይት ላይ የሚጫን መሣሪያ ያቅዳሉ። ከሩቅ ሰማይ ድንገት ቦግ ብሎ የሚጠፋ ጨረር አለ፣ ጋማ የሚሉት። በዓይን አይታይም፤ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። አለቃዋ ታዲያ «ሚሞሪው ጠባብ ነው፣ ብዙ መዝገብ አይዝም፤ መሣሪያው ጨረሩ ቦግ ሲል መመዝገብ ይጀምር፣ የበፊቱ ይቅር» ይላል። ንዴቴ ትኩሳቴን በለጠው።

ማክሰኞ
መብራት የለም። ሙቀቱ ገሃነም።
ሠላሳ ዓመት የባሮ ወንዝን ውሃ ልክ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ ጠዋትና ማታ፣ ዳር ከተተከለው ባለቁጥር ብረት። ከአራተኛ ክፍል ባላልፍም ቁጥር አይጠፋኝም። ክረምት ሲገባ በየሰዓቱ በከሰል ግድግዳ ላይ እጽፋለሁ። ውሃው ካልዘለለ አጠፋዋለሁ። ከዘለለ የበፊቱንም ወደ መዝገብ እገለብጣለሁ። ጎርፍ የሚታወቀው በአነሳሱ ነው።
ነገርኳት። ሳቀች።
«አባዬ፣ እኛም እንደዚያ ነበር ያቀድነው።»
«ታዲያ ለምን እሺ አልሽ?»
ሻማውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ረቡዕ
ጀልባ ነጂው ጓደኛዬ ኡጁሉ ዓሣ ይዞ መጣ። «ሽማግሌው፣ አሁን ደግሞ የሰማይ ውሃ ልትለካ ነው?» አለኝ። አባረርኩት። ዓሣውን አስቀርቼ።
ሰናይት «ከተቃወምኩ ከቡድኑ ያወጡኛል፤ ዕቅዱ ዓርብ ይዘጋል» አለች። ጮህኩባት። ያኔ ለማንም ያልነገርኩት አመለጠኝ። እናቷ፣ ነፍሷን ይማር፣ በታመመችበት ክረምት አንድ ማታ ወንዙ ጋ አልወረድኩም። የጠዋቱን ቁጥር ደግሜ ጻፍኩ። ውሃው ተነስቶ ከታች ኢታንግ በኩል ካሉ መንደሮች ከብት ወሰደ። መዝገቤ ላይ ግን ወንዙ ተኝቷል። አለቃዬ አወቀ። «ተወው፣ ማን ያየዋል» አለኝ። እኔም እሺ ጌታዬ አልኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሐሙስ
ስታሰላ ዋለች። ማታ ብቻ፣ «ጨረር የሌለበትን ሰማይ ቀነስ አድርገን ብንመዘግብ፣ ለጨረሩ መነሻ ሚሞሪው ላይ ቦታ ይተርፋል» አለች። እኔን ይሁን ራሷን እንጃ።

ዓርብ
ደወለች። በር ላይ ቆሜ አዳመጥኩ፤ ይቅርታ አልጠይቅም።
«አይ፣ ዶክተር። ስሌቱን ልኬልዎታለሁ። መነሻው ካልተያዘ ስሜ ዕቅዱ ላይ አይግባ።»
ሰውዬው ብዙ አወራ። እሷ ከቃሏ ንቅንቅ አላለችም። ስትወጣ ላብ በላብ ሆናለች።
«ምን አለሽ?»
«እስከ ማታ አየዋለሁ አለ።»
እስከ ማታ! ምኑን ነው የሚያየው? አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። ግን ከታመምኩ ወዲህ ዛሬ ገና ምሳዬን ጨረስኩ።