የታጠበው ቡልኮ

ልጄ ቤቲ፣ አባያን ያላደረቀ አምላክ ያንቺን እንባ ያድርቅልሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ ከባድ መርዶ ልነግርሽ ነው። አትደንግጪ፣ የሞተ ሰው የለም።

አክስትሽ ዘሪቱ ለእንግዳ ብላ፣ እምቢ ማለት ቢያቅተኝ፣ የተዋሰችውን የአባትሽን ቡልኮ መለሰችልኝ። ዶርዜ ቁጭ ብሎ ራሱ የሸመነውን፣ ታሞም እስኪሞት ለብሶት የተኛውን። ጠረኑ እንዳይጠፋ ብዬ ሳላጥብ ሳጥን ውስጥ ያኖርኩትን እሷ በሳሙና ፈትጋ፣ አጣጥፋ አመጣችው!

"እንዴት ቆሽሾ ነበር፣ አንቺ ሰነፍ! የሰው ዕቃ ታጥቦ ነው የሚመለሰው" አለችኝ።

"ወንድምሽን አጥበሽ ጨረስሽው" አልኳት። ሳቀች፤ እንደ ልማዴ የቀለድኩ መሰላት።

ከእንግዲህ ወንፊት ትዋስ፣ ድስት ትዋስ፤ ሳጥኔን ግን አላስነካም ብያታለሁ። አኩርፋለች፤ ታኩርፍ።

አንቺ ግን የለበስሽውን ሻርፕ ላኪልኝ፤ እንዳታጥቢው። በሰው አገር ሰው ይስጥሽ። ነገሩስ ትንሽ ነው፤ አንድ ቡልኮ ታጠበ፣ በቃ።

እናትሽ