ቀዩ ገንዳ

ሰኞ፣ ግንቦት 5። ጠዋት።
የፋብሪካው ጣሪያ ላይ ነኝ። ሦስቱንም የሲሚንቶ ገንዳ አማሰልኩ። አረንጓዴ። የድሬ ፀሐይ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል። ባቡር ላይ የሚሠራው አሕመድ ከጅቡቲ የባሕር ውሃ በጀሪካን አመጣልኝ። «አቦ ሶፊ፣ ሰው ከጅቡቲ ሽቶ ያስመጣል፣ አንቺ ጨው ውሃ! ወላሂ አታሳፍሪኝ» ብሎ ሳቀብኝ። እንዴት ላስረዳው? ውሃው ውስጥ በዓይን የማይታዩ የባሕር ተሕዋስያን አሉ። ጨውና ፀሐይ ሲበዛባቸው ካሮት ውስጥ ያለውን ቀለም ይሠራሉ፤ የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ ገዛኸኝ ነው እንዲህ የሚለው። ፋብሪካችን ለሚያመርተው የዳቦ ቅቤ፣ ለማርጋሪኑ፣ ቀለም በዶላር መግዛቱ ይቀራል። ሲመሽ ማየት ለሚሳናቸው ሕፃናትም ይበጃል። ግማሹን ቀድተን፣ ግማሹን ትተን፣ የባሕር ውሃ ከጨመርንበት ራሱን ይተካል፤ አያልቅም። ለጊዜው ግን፣ ማስታወሻዬ፣ ያለኝ አረንጓዴ ውሃ ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 10። 8 ሰዓት።
ሳምንቱን ለዘመቻ ሥራ ገጠር ተልከን ጣሪያ የወጣ ሰው አልነበረም። ዛሬ ብወጣ ውሃው ተንኖ ጎድሏል፣ ዳረኛው ገንዳ ቀይ! ሁለተኛውም ዳር ዳሩ መቅላት ጀምሯል። በሰበሰ፣ ጉድ ሆንኩ ብዬ ጋሽ ገ.ን ጠራሁ። አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ አየ። ከዚያ አቀፈኝ! ጋሽ ገ. ሰው ሲያቅፍ አይቼ አላውቅም። ሠሩልን፣ ሠሩልን ይላል። እኔም አየሁ። ቀይ ሆነው ይዋኛሉ። በሕይወት አሉ።

ሰኞ፣ ግንቦት 12።
እንዴት ብዬ ልጻፈው። ቀዩ ገንዳ ተሰነጠቀ። ውሃው በአሸንዳው ወርዶ መንገድ ላይ ፈሰሰ። መጀመሪያ ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ወረድኩ። ሱቅ ይዘጋል። ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። በዚያ በቀይ ሽብሩ ጊዜ ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ ያየነውን ደም ሁላችንም እናውቃለን።

ፊት ለፊት የሚኖሩት እትዬ ዘነበች ልጃቸው ያኔ ተወስዶ አልተመለሰም። አስፋልቱ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አውልቀው ቀዩን ውሃ አልብሰውታል። «እዚህ ነው እንዴ? እዚህ ነው እንዴ የጣሉት?» እያሉ ያለቅሳሉ። ውሃ ነው እትዬ፣ የባሕር ውሃ ነው አልኳቸው። አልሰሙኝም። አጠገባቸው ተንበረከክሁ። ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ቀላ። እስካሁን አላጠብኩትም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13። ረፋድ።
ከቀበሌ ካድሬ መጣ። ሕዝብ ማሸበር ነው አለ። የቀረውም ይደፋ፤ ነገ ጠዋት ሠራተኛው ተሰብስቦ ያጸድቃል። ጋሽ ገ. እሺ አለ። እሺ ብቻ! ያቀፈኝ ሰው፣ መሬት መሬት እያየ። ታስሮ ያውቃል፤ አልፈርድበትም። ግን ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት።
እትዬ ዘነበች ቤት ሄድኩ። ይምጡና በዓይንዎ ይዩ ብዬ ለመንኳቸው። እያረፉ ደረጃውን ወጡ። ሁለተኛው ገንዳ አሁን ጨርሶ ቀልቷል። እጃቸውን ነከሩ። አሸተቱ። 
«ሰው ሳይሞት እንዲህ ይቀላል?»
«በሕይወት ስላለ ነው የቀላው፣ እትዬ።»
እጃቸውን ሳያደርቁ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ደግሞ አለቀሱ፤ የትናንቱ ዓይነት ግን አይደለም።
«ታዲያ ለምን ይደፋል?»


ማስታወሻዬ፣ ነገ ስብሰባው ላይ እጄን አወጣለሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል። ይንቀጠቀጥ። ጋሽ ገ. ቀና ብሎ ባያየኝም፣ ካድሬው ስሜን ቢጠይቅም፣ አይደፋም እላለሁ።