ትርንጎ የምትባል ሴት

መስከረም 20 ቀን 1974

ጥርስ ወለቀ። ቆሎ ላይ። ጥሩነሽ አየችና «እንኳን ወለቀ፤ አሁን የቀረህ ምላስ ብቻ ነው» አለች። ሃምሳ ዓመት አብራኝ ኖራ መልስ አላለቀባትም። ጥርሱን ሰሃኗ ውስጥ ቆሎው መሀል ደበቅሁት። ስታገኘው የጮኸችው እስከ ጎረቤት ተሰማ… ጥሩ ቀን ዋለ።

ደብተሩን የሰጠችኝ የልጅ ልጄ ይማርሽ ናት። እናቷ ስትሞት የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደግናት እኔና ጥሩነሽ ነን። አሁን መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች። ዳዊት በልጅነቴ ደግሜአለሁ፣ ማንበብ አያቅተኝም። እጄ ግን ብዕር ይዞ አያውቅም። የኔታ ማንበብ እንጂ መጻፍ መቼ አስተማሩን? በሰባ ዓመቴ እሷ አስተማረችኝ።

«አባየ፣ የዋሉበትን ይጻፉ፤ እጅዎ ይፍታታል።»

«ሐሜትም ይጻፋል?»

«እሱ ካልተጻፈማ ደብተሩ ባዶውን ሊቀር ነው!»

የኔ ልጅ።

ጥቅምት 14

ሽማግሌ መጣ! ሦስት ሰው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ደጃፉ ላይ ቆመው። «ካልሰማችሁን አንቀመጥም።» የመጡበት ገብቶኛል። «የጠፋ በቅሎ ፍለጋ ከሆነ በዚህ አላለፈም» አልኋቸው። እግራቸው እስኪዝል አቆምኋቸው። ጥሩነሽ በክርኗ ጎሸመችኝ፣ አስቀመጥኋቸው።

የላካቸው አረጋ ነው። ለልጅ ልጁ ለምስጋኑ ይማርሽን ይጠይቃል። ምስጋኑም መሠረተ ትምህርት ነው የሚያስተምር። ሁለቱ በአንድ ሰሌዳ… እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ሀሁ የሚነጋገሩ መስሎኝ!

አረጋ ማለት ከብት አብረን የጠበቅን ጓደኛዬ ነው። ዘመዴም ነው ይባላል። ሁለታችንም የወልደ ሰንበት ዘር ነን፤ እሱ በወንዱ ልጅ፣ እኔ በሴቷ ልጅ በትርንጎ። በኛ አገር ሰባት ቤት ካልሞላ መጋባት የለም። አረጋ በሱ በኩል ቆጥሮ ሰባት ሞልቷል ብሏል። የኔን ወገን ቄስ ደባሱ ይቆጥሩታል።

ይባላል ብዬ ጻፍሁ። ለምን ይባላል አልሁ? ይቅር…

«ትፈልጊዋለሽ?» አልኋት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «አልሰማሁም» አልሁ። «አባየ!» «ጆሮዬ ከብዷል እኮ።» «እፈልገዋለሁ!» ብላ ጮኸች። ሽማግሎቹ ገና ከግቢው አልወጡም። ሰሟት። ሳቄ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ጥቅምት 28

ቄስ ደባሱ መጥተው ቆጠሩ። በጣታቸው።

«ወልደ ሰንበት ትርንጎን ወለደ፣ አንድ። ትርንጎ ጓንጉልን፣ ሁለት። ጓንጉል ደምሌን፣ ሦስት። ደምሌ አንተን፣ አራት። አንተ የይማርሽን እናት፣ አምስት። እሷ ይማርሽን…» ስድስተኛው ጣት ላይ ቆሙ። «አንድ ቤት ጎደለ። እህትና ወንድም ናቸው። እኔ አላጋባም።»

ይማርሽ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ሲሄዱ ወጥታ መስቀል አልተሳለመችም።

ለማንም ያልተናገርሁትን እዚህ ልጻፈው። ትርንጎ የምትባል ሴት አልነበረችም። የወለድኋት እኔ ነኝ።

በጃንሆይ ጊዜ መሬት የሚገኘው በዘር ነበር። የወልደ ሰንበት ዘር መሆኑን ያስቆጠረ ከርስቱ ይካፈላል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆነው። ልጅ ይዣለሁ፣ መሬቴ ድንጋይ ነው። ሽማግሎች ፊት ቆምሁና ሦስት ወንድ ለወለደው ሰው አንዲት ሴት ልጅ ጨመርሁለት። ስም ሲጠይቁኝ ፊት ለፊቴ የትርንጎ ዛፍ ነበር… ተጠራጠሩ። ሊስቁ ሲሉ አረጋ ብድግ አለ። «እኔም ከአያቴ ሰምቻለሁ። ከፋለ ወንድሜ ነው» አለ። ምንም አልሰማም! ከየት ይሰማል? እንግዲህ የሰማ መስሎት ይሆናል። ሁለት ጥማድ መሬት ከሱ ድርሻ ተቆርጦ ተሰጠኝ። የመሬት አዋጁም ሲመጣ በስሜ ቀረ። እስከ ዛሬ የትርንጎ ማሳ ይባላል። እንደሱ ገብስ የሚሰጠኝ የለም።

ያኔ አንድ ትውልድ ብጨምር ምን ነበረበት? ሴትዮዋን ከነስሟ የፈጠርሁ ሰውዬ አንድ ልጅ ያቅተኝ ነበር?

ጥቅምት 29

ይማርሽ እህል አልቀመሰችም። ቀልድ ሞከርሁ። ሌላ ሞከርሁ… አልሆነም።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ለጥሩነሽ ነገርኋት።

«በየዓመቱ የምዘክርላት ትርንጎ?»

«እሷው።»

«ሠላሳ ሁለት ጋን ጠላ!» አለች። «ሠላሳ ሁለት ጋን፣ ለሌለች ሴት!»

«ጠላውስ ተጠጥቷል…»

ማማሰያውን አነሳች። ልትመታኝ መስሎኝ ጎንበስ ብል እየሳቀች ነው። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ኋላ ማማሰያውን አስቀመጠች። «ወድጃት ነበር እኮ» አለች።

«ለቄስ ደባሱ አንድ ሰው ረስቼ ነበር ብላቸውስ? ለትርንጎ አንድ ልጅ ብጨምርላት ሰባት ይሞላል።»

«ደግሞ ልትወልድ? ይብቃህ ከፋለ! ሂድና እውነቱን ንገራቸው።»

አረጋ ምን ይላል? እሱን ነው የምፈራው። ከቄሱ ይልቅ እሱን።

ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎቹ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ሳሉ ተነስቼ ተናገርሁ። አንድም አላስቀረሁ። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ… ሳቁ! አረጋ ዓይኑን በጋቢው እየጠረገ «ወይ ከፋለ! ለልጁ ብሎ ቅድመ አያቱን ካደ!» ይላል።

እማሆይ ወለተ ሩፋኤል በመቋሚያቸው ጠቆሙኝ። «አንተ ባለጌ፣ ትርንጎን ነው የምትክድ? አያቴ ታውቃት ነበር። ረጅም ናት። ፍንጭት።»

ፍንጭት መሆኗን እኔ እንኳ አላውቅም!

ቄስ ደባሱም ተቆጡ። «ሠላሳ ዓመት በጸሎት ስሟን የጠራኋት ነፍስ የለችም ልትለኝ ነው?»

ሰባ ዓመት ስቀልድ ኖሬ አንድ ቀን እውነት ብናገር የሚያምነኝ ሰው ጠፋ። የማን ጥፋት ነው? መልሱን አውቀዋለሁ።

ታኅሣሥ 30

ትናንት ልደት ነበር። አሥራ አንድ እንግዳ ቤታችን አድሯል። ሁሉም ለበዓሉ በእግሩ የመጣ ተሳላሚ ነው። ወለሉ ላይ እንደ ማገዶ ተደርድረው ተኙ፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። ደስ ይላል።

ይማርሽ እግራቸውን አጠበች። ከኩልመስክ የመጡ አንዲት አሮጊት መረቋት። «እጅሽ ይባረክ። የዛሬ ዓመት ከባልሽ ጋር ሆነሽ ተቀበይን።» «አሜን» አለች። ቀና አላለችም። የታጠበውን እግር መልሳ አጠበችው። ደግሞ መልሳ… አሮጊቷ ገባቸው መሰለኝ፣ እግራቸውን መልሰው ሰጧት።

ኋላ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«አባየ፣ የእውነት ትርንጎ የለችም?»

«የለችም ልጄ።»

«እኔ አምንዎታለሁ። የኔ ማመን ግን ምን ይሠራል?»

ስንቀልድ ያልደፈርነው ነገር ምን አለ? ሞት ላይ እንኳ እንቀልዳለን። መሬት ላይ ግን በላስታ የሚቀልድ የለም። ከእኔ በቀር።

ጥር 7

የገበሬ ማኅበር ስብሰባ። ሊቀመንበሩ ፈንታው መፈክሩን አሰማ፣ እጃችንን አነሳን። ሁሉም ሲያወርድ እኔ አላወረድሁም።

«አያ ከፋለ፣ መፈክሩ አልቋል።»

«ለመፈክሩ አይደለም። የትርንጎን ማሳ ከስሜ ሰርዝልኝ። ከአረጋ በሐሰት የወሰድሁት ነው። ለሱ መልስለት።»

«መሬት የሕዝብ ነው፤ የድሮ የርስት ክርክር እዚህ አይታይም። እርስዎ ከተዉት መሬት ለሌለውና ተራ ለሚጠብቅ ነው የሚሰጥ።»

«ስጠው።»

«ምትክ የለውም እኮ!»

«አልጠየቅሁህም።»

የጣት አሻራ ማተሚያውን ገፋልኝ። ብዕሩን ስጠኝ አልሁት። ከፋለ ደምሌ ብዬ በእጄ ጻፍሁ። «ፋ» ትንሽ ጠመመችብኝ። ማሳው ባሏ ለሞተባት ለስሜነሽ ተሰጠ፤ አራት ልጅ አላት።

አንድም ሰው አልሳቀም። ቄስ ደባሱ ጣታቸውን እያዩ ነበር፤ እንደገና የሚቆጥሩ ይመስል። አረጋ ተነሳ። አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝና ወጥቶ ሄደ።

ጥር 12

ታቦት ስንሸኝ አረጋን መንገድ ላይ አገኘሁት። «እንደምን ዋሉ» አለኝ። ዋሉ! ስልሳ ዓመት አንተ ሲለኝ የኖረ ሰው አንቱ አለኝ። በዱላ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 25

ቄስ ደባሱ ንስሐ ሰጡኝ። አርባ ቀን ስግደት፤ ደግሞ አሸተን ማርያምን በእግር ወጥቶ መሳለም። ጉልበቴ ቄሱን ረገማቸው፤ እኔ አይደለሁም። በየድንጋዩ እያረፍሁ ወጣሁ። እላይ አንድ መነኩሴ ውሃ ሰጡኝና «ምን ብትበድል ነው በዚህ ዕድሜህ?» አሉኝ።

«ሴት ልጅ ወለድሁ አባ።»

«ይኼ ምን ኃጢአት አለው?»

«ልጅቱ አልነበረችማ።»

ውሃውን መልሰው ሊወስዱብኝ ምንም አልቀራቸው።

ስመለስ ይማርሽ መንገድ ድረስ ሮጣ መጣች። ቄስ ደባሱ ፈቅደዋል። አረጋም ሽማግሎቹን እንደገና ልኳል፤ «ልጆቹ ምን በደሉ?» ብሎ። እሱ ራሱ አልመጣም። ይማርሽ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ጉልበቴን ረሳሁት።

የካቲት 8

ትናንት ተዳረች። ዳሱ ጠበበ፣ ጠላው በቃ፣ ሙሽራው ደንግጦ የጫማውን ግራና ቀኝ አለዋውጦ መጣ። እስኪወጣ ድረስ አልነገርሁትም። አማቱ ነኝ፣ መብቴ ነው።

አረጋ መጣ። ልጆቹን መረቀ። ሰው ሁሉ ያለቀሰበት ምርቃት። እኔን «እግዜር ይስጥልን» ብሎኝ ሄደ።

ጥሩነሽ ዛሬ ጠዋት ለሦስት ሰው ቡና ቆላች።

ሚያዝያ 11

ፋሲካ ዋለ። በልጉ ዘነበ፣ ተመስገን። አረጋ ግን ቅርጫ የገባው ከሌሎች ጋር ነው። ስልሳ ዓመት ሲቃረጡ የኖሩ ሰዎች… የበሬው ምላስ ሁልጊዜ ለኔ ነበር የሚደርሰኝ። «ለሱ ይበልጥ ያስፈልገዋል» እያለ እሱ ነበር የሚሰጠኝ።

ነሐሴ 3

የስሜነሽን ገብስ አረም ውጦታል አሉ። ላግዛት ሄድሁ። ማሳው ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ያርማል። አረጋ! እሱም አየኝ። ሁለታችንም አልሄድንም። እሱ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ፣ እያረምን መጣን። መሀል ላይ ልንገናኝ ሦስት እርምጃ ሲቀረን እሱ ዞረ። እኔም ዞርሁ። ስሜነሽ «የኔን ገብስ በኩርፊያ አጸዳችሁልኝ» አለች። ሁለታችንም ሰማናት።

ጳጉሜን 4

ዓመቱ አለቀ። ይማርሽ ሆዷ ገፍቷል። የቤታችን ጣራ በሐምሌ በረዶ ተበስቶ ምስጋኑ ሳልጠይቀው ወጥቶ ደፈነው፤ ስለ ጫማው አንስቼበት ከላይ ጭቃ ወረወረብኝ። ጥሩ አማች ነው። ጥሩነሽ ሰኔ ላይ ሁለት ሳምንት ታማ ስትነሳ መጀመሪያ የጠየቀችው «ምን ቀለድህብኝ?» ብላ ነው። ምንም አልቀለድሁም ነበር። ፈርቼ ነበር። ጎተራውን ሳየው ዘንድሮ ግማሹ አየር ነው። ከሁሉ የጎደለው ግን ጎተራው አይደለም።

ይማርሽ ዛሬ «ዶሮ ሠርቻለሁ፣ ይምጡ» ብላ ላከችብኝ። ሄድሁ። ገበታው ላይ አረጋ ተቀምጧል። እሱም እንደኔ ነው የተጠራው። ስትዳር ተንኮሌን ይዛ ነው የሄደች… አንድ ትሪ አቀረበችልን። ሌላ ትሪ የለም አለች። ግድግዳው ላይ ሁለት ተሰቅለዋል።

ከየፊታችን በላን። ወጡ ሲጋመስ አረጋ እጁን አቆመ።

«ያኔ ለምን አልነገርኸኝም? መሬት አጣሁ ብትለኝ እሰጥህ ነበር።»

ሠላሳ ሁለት ዓመት ይህን አላሰብሁትም። መልስ ፈለግሁ። ምላሴ፣ ያቺ ምላስ፣ የለችም።

«አንተስ?» አልሁት። «ከአያቴ ሰምቻለሁ አልህ። ከማን ሰማህ?»

«ከማንም አልሰማሁም።»

«ታዲያ ለምን ብለህ?»

ወደ ትሪው አየ። «እኔም ወንድም አልነበረኝማ» አለ።

ይማርሽ ፊቷን አዙራ ድስት አማሰለች። ድስቱ ባዶ ነው።

አረጋ ጠቀለለ። እንቁላሉን፣ ሥጋውን፣ እንጀራውን፣ ሁሉንም ባንድ ላይ። የጡጫዬን ያህል። አፌ ውስጥ ከተተው።

«ብላ» አለኝ። «አፍህ ሲሞላ አትዋሽም።»

ስምንት ወር ሙሉ ያልቀለደብኝ ሰው! ሳቅሁ። ሳቅሁና አነቀኝ። ሳል ያዘኝ፣ እንባዬ ወረደ። ይማርሽ ውሃ ይዛ ሮጠች። አረጋ ተነስቶ ጀርባዬን መታኝ፣ መታኝ፣ መታኝ። ሳሉ ለቀቀኝ።

ከለቀቀኝም በኋላ ሁለት ጊዜ መታኝ። ይገባኛል።