ፊዚክስ እንደ ዳዊት አይደገምም

ይድረስ ለልጄ ለሀብተ ማርያም። እንዴት ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ደቡብ አፍሪካ ሌባው በመሣሪያ ነው የሚመጣው ይላሉ፤ ሱቅህን በጊዜ ትዘጋለህ? ሚስትህ ወይንሀረግስ፣ ትንሹ ቤኪስ ደህና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ምላሴማ እንደምታውቀው ታሞ አያውቅም። በስልክ እንዳልነግርህ አንተ ትጮሃለህ፣ እኔም እጮሃለሁ፣ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ በዚያች በመሠረተ ትምህርት ፊደሌ ጻፍኩልህ፤ ቁጭ ብለህ አንብብ።

ልጅህ ሶፊ ኮሌጅ ገብታ በመጀመሪያው ፈተና ፊዚክስ ወደቀች። አንተ ይህን ስትሰማ ለወንድምህ ለነጋ ደውለህ «ዓይኗን ብቻ ተውልኝ» አልከው። እሱም ቃልህን አከበረ። በቀበቶው ብረት ከዓይኗ ሁለት ጣት ከፍ አድርጎ ግንባሯን ተረተረው። ደሙ ደብተሯ ላይ ወረደ። ልትከላከል እጇን ብታነሳ የቀኝ እጇን ሌባ ጣት ሰበረው። ወድቃም በእርግጫ ደገማት። ብጮህ አልሰማ ሲለኝ ዘነዘናውን አንስቼ ትከሻው ላይ አሳረፍኩበት። የወለድኩትን መታሁ፤ እግዜር ይይልኝ፣ ዛሬም ቢሆን እደግመዋለሁ።

አሁን ስማኝ። ጥፋቱ የሷ ስንፍና አይደለም፣ የኔ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ደብተሩን ይዤ ያስጠናኋት እኔ ነኝ፣ እንደ ዳዊት ድገሚ እያልኩ። እንግሊዝኛውን ባላውቅም ስትደናቀፍ አውቃለሁ፤ ከላይ ጀምሪ እላት ነበር። አንድም ሳትሳሳት ስትወጣው እልል አልኩ። ለካ ነገሩ ሌላ ነው። የጎረቤታችን የዓብዱልሰላም ልጅ ዘሀራ ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት ናት። ደብተሩን አየችና «እማማ፣ ፎርሙላውን ሁሉ በቃሏ ትወጣዋለች፤ አንድ ጥያቄ ግን መልሱን ሸፍና ራሷ ሠርታ አታውቅም» አለችኝ። የተሠራውን እያየች ገባኝ ትላለች። ጥጥ ሲፈተል ያየ ሁሉ ፈታይ ነው እንዴ? ደግሞ ነገሩን በሥዕል ሳታስቀምጥ ቁጥር ታጋጫለች፤ መልሱ ሜትር ይሁን ኪሎ ሳትጽፍ ታልፋለች።

ሶፊ የዚያን ዕለት ሸሽታ እነዘሀራ ቤት እንደገባች አልተመለሰችም። ጣቷ ታስሮ በግራ እጇ እየሞነጫጨረች አብረው ሲሠሩ ይውላሉ። ድጋሚ ፈተናው ከወር በኋላ ነው፤ ያንን ከወደቀች ትባረራለች። ነጋ ደግሞ በራቸው ላይ ሄዶ እግሯን እሰብረዋለሁ ብሎ ፎከረ። ወንድሜ አዞኛል ነው የሚለው። ድምፁን በሰማች ቁጥር እርሳሱ ከእጇ ይወድቃል። እንዲህ እየፈራች ምን ትማራለች? ስለዚህ በገዛ እጅህ «ልጄን ማንም አይንካት» ብለህ ጻፍና ፎቶ አንስተህ በዘሀራ ስልክ ላክ። ነጋ ፊት ቆሜ አነብበዋለሁ። እምቢ ካልክ ያጠባሁህ ጡት ይፋረድህ።

ወይንሀረግን ሰላም በልልኝ፤ የቤኪን ጉንጭ ሳምልኝ። ዓብዱልሰላምና ዘሀራ ሰላም ብለውሃል። ነጋም ትከሻውን በጨርቅ አስሮ ሰላም በይው አለኝ፤ ይኸው ጻፍኩ። ሶፊን ምን ልበልልሽ ብላት ወደ ደብተሯ ዞረች። እኔም ከራሴ አልጨመርኩላትም።

እናትህ ወለተሰንበት
ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር
ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.